ካለመጠየቅ ደጃዝማችነት ይቀራል፦ የድኅረ ምረቃ ተማሪ ከዩኒቨርሲቲው ስለሚያገኘው ድጋፍ



በዚህ የዓመት መጽሔት በአብዛኛው የምንጽፈው ስለ ንባብ፣ ስለ ሒሳብ፣ ስለ ሥነ ምግባርና ስለ ፈተና ዝግጅት ነው። ዘንድሮ ግን አንድ እርከን ከፍ ብለን ከመጀመሪያ ዲግሪ በኋላ ስላለው ትምህርት ልናወራችሁ ወደናል። «የእኛ ልጆች ገና ፊደል እየቆጠሩ የማስተርስ ነገር ምን አመጣው?» የምትሉ እንደምትኖሩ እናውቃለን። መልሳችን አጭር ነው። እዚህ ካቶር ውስጥ ቀን በኮንዮ ኮንዮ ገበያ ወይም በመሥሪያ ቤት ውለው ማታ ደብተር የሚይዙ ታላላቅ ወንድሞችና እኅቶች አሉ። ከመምህራኖቻችንም ሁለተኛ ዲግሪ የሚማሩና ለመማር የሚያስቡ አሉ። ከእነርሱ አንዳንዶቹ ሲጨርሱ አንዳንዶቹ መንገድ ላይ ይቀራሉ። የቀሩት ደግሞ ሁልጊዜ ዕውቀት ያነሳቸው አይደሉም። ብዙውን ጊዜ ዩኒቨርሲቲው ያዘጋጀላቸው ድጋፍ መኖሩን ሳያውቁ ወይም ለመጠየቅ አፍረው የቀሩ ናቸው።

ስለዚህ ይህ ጽሑፍ አንድ የድኅረ ምረቃ ተማሪ ከዩኒቨርሲቲ ምን ምን ድጋፍ እንደሚያገኝ፣ ድጋፉ ከየትኛው ቢሮ እንደሚገኝ፣ እንዴትም እንደሚጠየቅ የሚያስረዳ ትምህርት ነው።

1. ድኅረ ምረቃ ከቀድሞው ትምህርት በምን ይለያል?

በእኛ ትምህርት ቤትም ሆነ በመጀመሪያ ዲግሪ ደረጃ ተማሪው የሚሄድበት መንገድ ተጠርጎ ይጠብቀዋል። የክፍለ ጊዜው ሠንጠረዥ ተለጥፏል፤ መጽሐፉ ታውቋል፤ ፈተናው ቀን አለው። ያረፈደውን የሚቆጣ፣ የቀረውን የሚጠራ ሰው አለ። በድኅረ ምረቃ ግን ይህ ሁሉ የሚቆየው ኮርስ እስኪያልቅ ብቻ ነው። ከዚያ በኋላ ተማሪው ራሱ ጥያቄ መርጦ፣ ራሱ መረጃ ሰብስቦ፣ ራሱ የመመረቂያ ጽሑፍ ጽፎ በፈታኞች ፊት ቆሞ ያስረዳል። ስም ጠሪ የለም፤ ደወል የለም። አንድ ወር ሳይጽፍ ቢቀር የሚጠይቀው ላይኖር ይችላል። ብዙ ሰው የሚጠፋውም በዚህ ጸጥ ባለ ወቅት ነው። ኮርሱን በጥሩ ውጤት ጨርሶ ጽሑፉ ላይ የቆመ ሰው በየሰፈሩ አለ።

በአገራችን የድኅረ ምረቃ ትምህርት ታሪክ ረጅም አይደለም። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ሥራ የጀመረው በ1943 ዓ.ም. ሲሆን፣ በ1954 ዓ.ም. ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ተባለ፤ ከአብዮቱ በኋላ አሁን የያዘውን ስም ያዘ። የድኅረ ምረቃ ትምህርት ቤቱ የተቋቋመው እ.ኤ.አ. በ1978 ነው። የዶክትሬት ትምህርት የተጀመረው ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1987 ነው። ከዚያ በፊት ሁለተኛ ዲግሪ የፈለገ ኢትዮጵያዊ በአብዛኛው ባሕር መሻገር ነበረበት። ዛሬ ከጎንደር እስከ ጅማ፣ ከመቀሌ እስከ ሐዋሳ ባሉ ዩኒቨርሲቲዎች ማስተርስ ይሰጣል።

የምንኖርባት የጁባ ከተማም የራሷ ታሪክ አላት። የጁባ ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ1975 ተመሠረተ። ጦርነቱ ሲበረታ ወደ ካርቱም ተሰደደ፤ ከሰላም ስምምነቱና ደቡብ ሱዳን እ.ኤ.አ. በ2011 ነጻ ከመሆኗ ጋር ተያይዞ ወደ ቤቱ ተመለሰ። ተማሪ ሲሰደድ አይተናል፤ ይህ ግን ራሱ ተሰዶ የተመለሰ ዩኒቨርሲቲ ነው። ዛሬ በውስጡ ድኅረ ምረቃን የሚመራ ኮሌጅ አለው፤ እዚሁ ከተማ እየሠሩ ለመማር ለሚሹ ሰዎችም ቅርብ በር ነው።

2. ድጋፍ ለእኛ አዲስ ነገር ነው?

«የድጋፍ አገልግሎት» የሚለው ቃል ከውጭ የመጣ ይመስላል። ነገሩ ግን ለእኛ አዲስ አይደለም። በጥንቱ የቆሎ ተማሪ ሥርዓት አንድ ልጅ ከወላጆቹ ርቆ ቅኔ ለመማር ሲሄድ ለብቻው አይተውም ነበር። ማደሪያ ጎጆ ነበረው። መንደሩ ቁራሽ እየሰጠ ያኖረዋል። ከየኔታ በታች ያሉ የበሰሉ ተማሪዎች ታናናሾቻቸውን ያስጠናሉ፤ የተሳሳተውን ያርማሉ። ማደሪያ፣ ምግብ፣ አማካሪና አስጠኚ፦ ዛሬ ዩኒቨርሲቲ በየቢሮው ከፋፍሎ የያዘውም በመሠረቱ ይህንኑ ነው። ልዩነቱ የቆሎ ተማሪ ደጅ ቆሞ «በእንተ ስማ ለማርያም» ብሎ መለመኑ ነበር። ያ ልመና ነውር አልነበረም፤ የትምህርቱ አካል ነበር። የዛሬው ተማሪ ግን ቢሮ አንኳኩቶ መጠየቅን እንደ ውርደት ይቆጥራል። አባቶቻችን «ካለመጠየቅ ደጃዝማችነት ይቀራል» ያሉት ይህን የመሰለውን ሰው አይተው ይመስለናል።

3. ድጋፎቹ ምን ምን ናቸው?

ሀ. የድኅረ ምረቃ ጽሕፈት ቤትና ሬጅስትራር

የመጀመሪያው ድጋፍ መረጃ ነው። ማንኛውም የድኅረ ምረቃ ተማሪ በተመዘገበ በመጀመሪያው ሳምንት የድኅረ ምረቃ መመሪያውን ጠይቆ መውሰድ አለበት። በመመሪያው ውስጥ ትምህርቱ በስንት ዓመት ማለቅ እንዳለበት፣ ማራዘሚያ እንዴት እንደሚጠየቅ፣ የማለፊያ ውጤቱ ስንት እንደሆነ፣ የታመመ ወይም ሥራ የበዛበት ሰው እንዴት ለጊዜው እንደሚያቋርጥ ተጽፏል። እዚህ ላይ አንድ ነገር አጥብቀን እንናገራለን። በሕመም፣ በወሊድ ወይም በገንዘብ ችግር ትምህርት ማቋረጥ የግድ ቢሆን ዝም ብሎ መጥፋት አይገባም። በጽሑፍ አመልክቶ ማቋረጫ የሞላ ሰው ተመልሶ የመቀጠል ዕድል አለው። ዝም ብሎ የጠፋ ሰው ግን ስሙ ይሰረዝና ከመጀመሪያ እንዲጀምር ሊገደድ ይችላል። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት አንድ ቅጽ መሙላት ነው።

ለ. አማካሪ መምህር

ለጽሑፉ የሚመደበው አማካሪ ከሁሉም በላይ የሚያስፈልግ ድጋፍ ነው። አማካሪ ጽሑፉን የሚጽፍ ሰው አይደለም፤ ጥያቄው እንዳይሰፋ የሚገድብ፣ ዘዴው ትክክል መሆኑን የሚያይ፣ ረቂቁን አንብቦ አስተያየት የሚሰጥ ነው። ልምዳችን የሚነግረን ከአማካሪ ጋር የሚደረግ ግንኙነት በአጋጣሚ ላይ መመሥረት እንደሌለበት ነው። ተማሪው በየሁለት ሳምንቱ ወይም በየወሩ ቋሚ ቀን ይያዝ። ሲሄድም ባዶ እጁን አይሂድ፤ ሁለት ገጽም ቢሆን ጽፎ፣ ሦስት ጥያቄ ይዞ ይሂድ። ከውይይቱ በኋላ የተስማሙበትን በአጭሩ ጽፎ ለአማካሪው ይላክ። ይህ ሁለቱንም ከመርሳት ያድናል።

አማካሪ ቢጠፋ ወይም ጨርሶ አለመግባባት ቢፈጠርስ? በኢትዮጵያ ዩኒቨርሲቲዎች በየትምህርት ክፍሉ የድኅረ ምረቃ ኮሚቴ አለ። ተማሪው በመጀመሪያ ከራሱ ከአማካሪው ጋር በአክብሮት ይነጋገር፤ ካልተፈታ ለትምህርት ክፍሉ ኃላፊ፣ ከዚያም ለኮሚቴው በጽሑፍ ያቅርብ። አማካሪ የሚቀየርበት ሥርዓት አለ። ብዙ ተማሪ ይህን ስለማያውቅ ዓመት ሙሉ ቅሬታውን በልቡ ይዞ ይቀመጣል።

ሐ. ቤተ መጻሕፍትና የመረጃ ቋቶች

ቤተ መጻሕፍት ሲባል ብዙዎቻችን የመጽሐፍ መደርደሪያና ጸጥታ ብቻ ይታየናል። የድኅረ ምረቃ ተማሪ ግን ከመጽሐፍ ይልቅ በብዛት የሚፈልገው በዓለም ዙሪያ በሚታተሙ የጥናት መጽሔቶች ላይ የወጡ ጽሑፎችን ነው። እነዚህ መጽሔቶች በግል ሲገዙ ውድ ናቸው፤ አንዱን ጽሑፍ ብቻ ለማንበብ በብዙ ዶላር የሚቆጠር ገንዘብ ይጠየቃል። ይህን ችግር ለማቃለል ሪሰርች ፎር ላይፍ የሚባል ዓለም አቀፍ ትብብር አለ። ሂናሪ የተባለው የጤና ዘርፉ በዓለም ጤና ድርጅት አማካይነት እ.ኤ.አ. በ2002 ተጀመረ። አጎራ የተባለው የግብርና ዘርፉ በምግብና እርሻ ድርጅት አማካይነት በተከታዩ ዓመት መጣ። ከዚያም የአካባቢ፣ የቴክኖሎጂና የሕግ ዘርፎች ተጨመሩ። ኢትዮጵያም ደቡብ ሱዳንም ተቋሞቻቸው ያለ ክፍያ እንዲጠቀሙ ከተፈቀደላቸው አገሮች መካከል ናቸው። ነገር ግን መግቢያው የሚሰጠው ለተቋም እንጂ ለግለሰብ አይደለም። ስለዚህ ተማሪው ወደ ቤተ መጻሕፍት ባለሙያው ሄዶ «የሪሰርች ፎር ላይፍ መግቢያ አለን ወይ?» ብሎ መጠየቅ ይኖርበታል። ይህች አንዲት ጥያቄ ብዙ ገንዘብ ታድናለች።

በተጨማሪም አፍሪካን ጆርናልስ ኦንላይን በአህጉራችን የሚታተሙ መጽሔቶችን ሰብስቦ ይዟል። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲም የቀደሙ ተማሪዎችን የመመረቂያ ጽሑፎች በኤሌክትሮኒክ ማከማቻው አስቀምጧል። ጁባ የተቀመጠ ተማሪ እነዚህን በስልኩ ማንበብ ይችላል። አዲስ አበባ የሄደ ደግሞ ስድስት ኪሎ ያለውን የኬኔዲ ቤተ መጻሕፍትና እ.ኤ.አ. በ1963 የተቋቋመውን የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ሳያይ አይመለስ። ተቋሙ የሚገኘው በቀድሞው የገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ውስጥ ነው፤ ስለ ታሪካችን፣ ስለ ቋንቋችንና ስለ ባህላችን የሚጽፍ ሰው ከዚያ የተሻለ ቦታ አያገኝም።

መ. የአጻጻፍና የስታቲስቲክስ ድጋፍ

የእኛ ልጆች እንግሊዝኛን በትምህርት ቤት ቢማሩም ቤት ሲገቡ አማርኛ፣ መንገድ ላይ ሲወጡ የጁባ አረብኛ ይናገራሉ። ስለዚህ የጥናት ጽሑፍ የሚጠይቀው እንግሊዝኛ ከባድ ቢሆንባቸው አይገርምም። ዩኒቨርሲቲዎች ለዚህ የአጻጻፍ ሥልጠናና አጫጭር ዐውደ ጥናት ያዘጋጃሉ። መረጃን በኮምፒውተር ማጠናቀርና መተንተን የሚያስተምሩ ሥልጠናዎችም አሉ። ኤስፒኤስኤስ የተባለው ፕሮግራም በአካባቢያችን በብዛት ይታወቃል፤ አር የተባለው ደግሞ ያለ ክፍያ የሚገኝ ነው። የዋቢ መጻሕፍትን ዝርዝር በሥርዓት የሚይዘው ዞቴሮም እንዲሁ በነጻ ይወርዳል። ይህን ገና በመጀመሪያው ሴሚስተር የለመደ ሰው መጨረሻ ላይ ዋቢ ፍለጋ ሌሊት አያድርም።

ሠ. የትብብር ደብዳቤና የሥነ ምግባር ፈቃድ

ይህ ትንሽ ይመስላል፤ ግን ብዙ ተማሪ እዚህ ላይ ወራት ይቃጠልበታል። መረጃ ለመሰብሰብ ወደ ሆስፒታል፣ ወደ ትምህርት ቤት ወይም ወደ መሥሪያ ቤት የሚሄድ ተማሪ ከትምህርት ክፍሉ የትብብር ደብዳቤ መያዝ አለበት። ጥናቱ ሰዎችን በተለይም ሕሙማንን ወይም ሕፃናትን የሚመለከት ከሆነ ከሥነ ምግባር ኮሚቴ ፈቃድ ማግኘት ያስፈልጋል። ኮሚቴው የሚሰበሰብበት ቀን የተወሰነ ስለሆነ ማመልከቻው ቀደም ብሎ መግባት አለበት። በኢትዮጵያ እየተማረ እዚህ ጁባ መረጃ ሊሰበስብ የሚመጣ ተማሪ ደግሞ ከዚህ አገር የሚመለከተው አካልም ፈቃድ ሊጠየቅ እንደሚችል አውቆ ጊዜውን ያስላ። እኛም ወደ ትምህርት ቤታችን ለጥናት የሚመጣን ሁሉ መጀመሪያ የምንጠይቀው ይህንኑ ደብዳቤ ነው። ይህን የምናደርገው ልጆቻችሁን ለመጠበቅ መሆኑን ወላጆች ዕወቁልን።

ረ. የገንዘብ ድጋፍ

ስለ ገንዘብ ስናወራ በመጀመሪያ የሚደባለቁ ነገሮችን እንለይ። የዩኒቨርሲቲው የራሱ ድጋፍ አለ፤ የክፍያ ቅነሳ፣ ረዳት ሆኖ እያስተማሩ ወይም በምርምር እያገዙ የሚገኝ አበል፣ ለጥናት ማካሄጃ የሚሰጥ ገንዘብ ከዚህ ይመደባሉ። በኢትዮጵያ መንግሥታዊ ዩኒቨርሲቲዎች በመሥሪያ ቤቱ ተልኮ የሚማርና በግሉ ከፍሎ የሚማር ተማሪ የሚያገኙት አንድ አይደለም። ስለዚህ ከመመዝገብ በፊት «በየትኛው መደብ ነው የተቀበላችሁኝ?» ብሎ መጠየቅ ያስፈልጋል።

ከዩኒቨርሲቲው ውጭ ያሉትም አሉ። የጀርመኑ ዳድ በአፍሪካ ውስጥ ባሉ የተመረጡ ተቋማት ለሚማሩ የማስተርስና የዶክትሬት ተማሪዎች ነጻ የትምህርት ዕድል ይሰጣል። ካምፓላ የሚገኘውና እ.ኤ.አ. በ2004 የተቋቋመው ሩፎረም በግብርና ዙሪያ ለሚማሩ ነው። የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ከካናዳው ኩዊንስ ዩኒቨርሲቲና ከማስተርካርድ ፋውንዴሽን ጋር እ.ኤ.አ. በ2017 የጀመረው ትብብር አካል ጉዳተኞችን በማካተት ላይ ያተኮረ ነው። ዳፊ የተባለው በተባበሩት መንግሥታት የስደተኞች ኮሚሽን በኩል እ.ኤ.አ. ከ1992 ጀምሮ የሚሰጠው ዕድል ግን ለስደተኞች የመጀመሪያ ዲግሪ ነው። ብዙዎች ለማስተርስ ነው ብለው ጊዜያቸውን ስለሚያባክኑ ለይተን መናገራችን ለዚህ ነው።

አንድ ማስጠንቀቂያም እንጨምር። «ስኮላርሺፕ አገኝልሃለሁ፤ አስቀድመህ ይህን ያህል ዶላር ላክ» የሚል ደላላ ከመጣ በሩን ዝጉበት። እዚህ የዘረዘርናቸው ዕድሎች በደላላ በኩል አይሰጡም።

ሰ. የጤና፣ የምክርና የአካል ጉዳተኞች አገልግሎት

የድኅረ ምረቃ ተማሪ አብዛኛውን ጊዜ ትልቅ ሰው ነው። ትዳር፣ ልጅ፣ ሥራ፣ አገር ቤት የሚጠብቁት ወላጆች አሉት። ጭንቀት ቢበዛበት፣ እንቅልፍ ቢያጣ፣ ተስፋ ቢቆርጥ አያስደንቅም። በእኛ ማኅበረሰብ ደግሞ «እኔ እኮ ትልቅ ሰው ነኝ» ብሎ ሐሳብን መዋጥ የተለመደ ነው። ዩኒቨርሲቲዎች የተማሪዎች ክሊኒክና የምክር አገልግሎት ያዘጋጁት ለዚህ ነው። ምክር መጠየቅ እብደት አይደለም፤ ታሞ ሐኪም ዘንድ እንደመሄድ ያለ ነገር ነው።

አካል ጉዳት ያለበት ተማሪ ደግሞ የሚጠይቀው ቸርነት ሳይሆን መብት ነው። የኢትዮጵያ የከፍተኛ ትምህርት አዋጅ ቁጥር 1152/2011 ተቋማት ለአካል ጉዳተኛ ተማሪዎች መገልገያዎቻቸውንና አሰጣጣቸውን እንዲያመቻቹ ያዛል። የፈተና ተጨማሪ ሰዓት፣ በምድር ቤት ያለ ክፍል፣ የሚያነብ ሰው ወይም ድምፅ የሚሰጥ ኮምፒውተር መጠየቅ ይቻላል። ጥያቄው ግን ፈተናው ሲደርስ ሳይሆን በምዝገባ ጊዜ ይቅረብ።

4. ድጋፉን ያላገኘ ሰው ወዴት ይሄዳል?

አሁን ወደ ልባችን ጉዳይ ደረስን። የሚረዳው ያጣ ተማሪ ሁለት መንገድ ይታየዋል። አንዱ መተው ነው። ሁለተኛው ደግሞ ጽሑፉን በገንዘብ ማስጻፍ ነው። በየዩኒቨርሲቲው አካባቢ «ፕሮፖዛልና ቴሲስ እንሠራለን» የሚል ማስታወቂያ ማየት የተለመደ ሆኗል። ይህን የሚያደርጉ ሁሉ ሰነፎች ናቸው ብለን አንፈርድም። አንዳንዱ ሥራና ትምህርት ተደራርቦበት፣ አማካሪው ርቆበት፣ ጊዜው አልቆበት ነው የሚሄደው። ይሁን እንጂ ውጤቱ አንድ ነው፤ ያልሠራውን ሥራ ስሙን ጽፎበት ይወጣል።

እንዲህ እናስብ። አንድ አባት በኮንዮ ኮንዮ ሱቁ በትርፍ የያዘውን ገንዘብ ለታላቅ ልጁ የማስተርስ ክፍያ ይልካል። ልጁ ኮርሱን ጨርሶ ጽሑፉ ላይ ይቆማል። የቤተ መጻሕፍቱን ባለሙያ ጠይቆ አያውቅም፤ የስታቲስቲክስ ሥልጠናው ላይ አልተገኘም፤ አማካሪውን በሦስት ወር አንዴ ነው የሚያገኘው። በመጨረሻ አባቱን ተጨማሪ ገንዘብ ጠይቆ ለጸሐፊ ይከፍላል። አባትየው ሁለት ጊዜ ከፈለ ማለት ነው፦ መጀመሪያ ለድጋፉ፣ ቀጥሎም ድጋፉን ላለመጠቀም። ከዚህም የባሰው ልጁ በፈታኞች ፊት ቆሞ «ይህን ዘዴ ለምን መረጥህ?» ሲባል የሚመልሰው ማጣቱ ነው። ቢያልፍ እንኳ ነገ መምህር ወይም ሐኪም ወይም የሒሳብ ባለሙያ ሆኖ ሲቀመጥ ያልተማረው ነገር አብሮት ይቀመጣል። ዩኒቨርሲቲዎችም የተቀዳን ጽሑፍ በኮምፒውተር እየመረመሩ ነው፤ የኢትዮጵያ መሥሪያ ቤቶችም በቅርብ ዓመታት የሠራተኞቻቸውን የትምህርት ማስረጃ መልሰው ማጣራት ጀምረዋል። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል።

5. ከጁባ ተነሥቶ ለሚማር ሰው

ከእኛ ማኅበረሰብ ድኅረ ምረቃ የሚያስብ ሰው በአብዛኛው ከሦስት መንገድ አንዱን ይይዛል፦ እዚሁ ጁባ መማር፣ ወደ አገር ቤት መመለስ፣ ወይም በኒሙሌ በኩል ወደ ዩጋንዳ ወይም ከዚያ አልፎ ወደ ኬንያ መሄድ። በየትኛውም ይሁን አስቀድሞ መዘጋጀት ያለባቸው ነገሮች አሉ።

አንደኛ፣ ማስረጃ። ዩኒቨርሲቲዎች ኦፊሴላዊው ትራንስክሪፕት ከቀድሞው ዩኒቨርሲቲ ሬጅስትራር በቀጥታ እንዲላክላቸው ይጠይቃሉ። በኢትዮጵያ መንግሥታዊ ዩኒቨርሲቲ የመጀመሪያ ዲግሪውን የተማረ ሰው የወጪ መጋራት ግዴታውን ካልፈጸመ ማስረጃውን ማግኘት ይቸግረዋል። ስለዚህ ይህን የማመልከቻ ሳምንት ሳይሆን ከወራት በፊት ይጨርስ።

ሁለተኛ፣ መግቢያ። በኢትዮጵያ ለድኅረ ምረቃ የሚያመለክት ሰው የመግቢያ ፈተና ይወስዳል፤ ትምህርት ሚኒስቴር በቅርቡ ይህን በአገር አቀፍ ደረጃ ማዘጋጀት ጀምሯል። ቀኑንና ቦታውን ከጁባ ሆኖ መከታተል ያስፈልጋል።

ሦስተኛ፣ ዕውቅና። ውጭ አገር ተምሮ ኢትዮጵያ ውስጥ ሊሠራ የሚያስብ ሰው ዲግሪው የአቻ ግምት ያስፈልገዋል። ይህን የሚሠራው የትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን ነው። እንግዲህ ዩኒቨርሲቲው በሚገኝበት አገር ዕውቅና ያለው መሆኑ ከመክፈል በፊት ይጣራ።

አራተኛ፣ የውጭ ተማሪዎች ቢሮ። ጁባም ሆነ ካምፓላ የሚማር ኢትዮጵያዊ የውጭ ተማሪ ነው። የመኖሪያ ፈቃድ፣ የተማሪነት ማረጋገጫ ደብዳቤ፣ የክፍያ ልዩነት በዚህ ቢሮ በኩል ይጠየቃል።

6. ምን እናድርግ?

ለወላጆች፦ ልጃችሁን «መቼ ትመረቃለህ?» ብቻ ብላችሁ አትጠይቁ። «አማካሪህን መቼ አገኘኸው? ምን አለህ? የቀረህ ምንድን ነው?» ብላችሁ ጠይቁ። የመጀመሪያው ጥያቄ ያስጨንቃል፤ ሁለተኛው ያግዛል። በምትከፍሉት ክፍያ ውስጥ ምን ምን አገልግሎት እንዳለ ደግሞ በጽሑፍ ተቀበሉ። የጽሑፍ ጊዜው ሲደርስ ደግሞ ልጁን ከሱቅ ሥራ ጥቂት ሰዓት ነጻ አውጡት፤ ጄኔሬተሩ በሚሠራበት ሰዓት ጠረጴዛውን ልቀቁለት።

ለተማሪዎች፦ ይህ ሁሉ ለእናንተ ሩቅ ሊመስል ይችላል። ግን የሚለመደው ዛሬ ነው። ያልገባችሁን በክፍል ውስጥ እጅ አውጥታችሁ ጠይቁ። ከመጽሐፍ የወሰዳችሁትን ዐረፍተ ነገር የማን እንደሆነ ጻፉ። በሳምንት አንድ ቀን ቤተ መጻሕፍታችን ገብታችሁ ያልታዘዛችሁትን አንብቡ። የስድስተኛ ክፍል ተማሪ ሆኖ መጠየቅ ያፈረ ልጅ ማስተርስ ሲማርም ያፍራል።

ለመምህራን፦ ለምትማሩ ባልደረቦቻችን የፈተና ወቅት ክፍለ ጊዜ መቀያየር እንዲቻል አስተዳደሩ ዝግጁ ነው። ጥያቄው ግን በጊዜው ይድረሰን። ትምህርታችሁን የጨረሳችሁ ደግሞ ለጀመሩት አንድ ቅዳሜ ከሰዓት ስጡ። ጽሑፋችሁንና የሄዳችሁበትን መንገድ አሳዩአቸው። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር የምንለው እንዲህ በመሰለው ሥራ ነው።

7. የመወያያ ጥያቄዎች

በቤትም በክፍልም እንድትነጋገሩባቸው የሚከተሉትን አስቀምጠናል።

ሀ. በድኅረ ምረቃ ትምህርት ኮርስ ካለቀ በኋላ ያለው ጊዜ ከባድ የሚሆነው ለምንድን ነው?

ለ. ታሞ ትምህርት ያቋረጠ ተማሪ ተመልሶ እንዲገባ ምን ማድረግ ነበረበት?

ሐ. ጽሑፉን በገንዘብ ያስጻፈ ሰው ማንን ጎዳ? ራሱን ብቻ ነው ወይስ ሌላም ሰው አለ?

መ. በእኛ ትምህርት ቤት ውስጥ ያሉ የድጋፍ አገልግሎቶች የትኞቹ ናቸው? ባለፈው ሴሚስተር የትኛውን ተጠቅመሃል? የትኛውንስ አልተጠቀምሽም? ለምን?

ሠ. ቤተሰባችሁ ውስጥ የሚማር ትልቅ ሰው ካለ በዚህ ሳምንት ልታግዙት የምትችሉት አንድ ነገር ምንድን ነው?

ውድ አንባቢያን፤ ዩኒቨርሲቲ ገብቶ የሚማር ሰው ያለው ቤተሰብ ይህን ገጽ ቀድዶ ቢያስቀምጥ አይከፋንም። ከላይ ከዘረዘርናቸው ሰባት ድጋፎች መካከል የሚማረው ሰው እስካሁን የትኛውን በር አንኳኩቶ እንደሆነ አብራችሁ ምልክት አድርጉ። ያልተነካው ላይ ቀን ጻፉበት፤ ቀኑ ሲደርስም ሄደህ ነበር ወይ ብላችሁ ጠይቁ።

መልካም የትምህርት ዘመን ይሁንላችሁ።